የእንግዳው ልጅ ፊደል

ማኅሌተ ጽጌው ተቁሞ አድሮ፣ ቅዳሴው ተፈጽሞ፣ ጸበል ጻዲቅ እየቀመስን ሳለ ነው ነገሩ የተነሣው። የ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ነበር። አንድ ወንድማችን ከስልኩ ቀና ብሎ፣ አሜሪካ በያዘችው የበጀት ዓመት የምትቀበለውን የስደተኛ ቁጥር 7,500 ላይ እንዳቆመችው ነገረን። የቀደመው ዓመት ጣሪያ 125,000 ነበር። ታናሽ ወንድሙ ካኩማ ካምፕ ነው ያለው። "ፕሮሰሱ" አልቆለት፣ ኢንተርቪውን አልፎ፣ የጤና ምርመራውን ጨርሶ በረራ ሲጠብቅ፣ አምና ጥር ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ አለበት።

ከጎኑ የነበሩ አንዲት እናት ከልባቸው አዘኑለት። ወዲያው ግን የራሳቸውን አመጡ። የልጅ ልጃቸው የሚማርበት ክፍል ሰባ ልጅ ታጭቆበታል፤ ዘንድሮ ደግሞ የስደተኛ ልጆች ተጨምረውበታል። "መምህር፣ እንግዳ መቀበል ጽድቅ እንደሆነ አውቃለሁ። በስድስቱ ቃላተ ወንጌል ማብላት አለ፣ ማጠጣት አለ፣ ማልበስ አለ። ማስተማር ግን የለም። ወንበሩ ከየት ይምጣ ነው የምለው" አሉኝ።

ጥያቄያቸውን ወደድኩት። ብዙ ሰው በልቡ የያዘውን እሳቸው በአደባባይ አወጡት፤ ያውም ስድስቱን ቃላት ቆጥረው። በአንድ ቁራሽ ጸበል ጻዲቅ የሚመለስ ስላልሆነ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠርኳቸው። ከዚህ በታች ያለው ያን ዕለት ያስተማርኩት ነው፤ ጥቂት አስፍቼዋለሁ።

እስኪ ከቃሉ እንጀምር፤ ቃሉ ሲጠራ ክርክሩም ግማሹ ይጠራልና። እንግዳ፣ ነጋዴ፣ ንግደት፤ ሦስቱም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። ግእዙ ነገደ ይላል፤ ተጓዘ፣ መንገድ ወጣ ማለት ነው። እንግዳ የሚለው ስም እንግዲህ ሰውየው መንገድ ላይ እንደነበረ ይነግረን እንጂ ስለ ጠባዩ ምንም አይነግረንም። ፈላሲ የሚል ሌላ የግእዝ ቃልም አለ፤ ከአገሩ የፈለሰ። በነሐሴ የምንጾማት ፍልሰታ ከዚሁ ቃል ናት። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ስደተኛና መጻተኛ የሚሉትን ታገኛላችሁ። መጤ የሚለው ግን ከሰፈር የመጣ ነው፤ ጉባኤ ቤት አያውቀውም።

የኦሪቱ መጻተኛና የዛሬው ስደተኛ በሁሉም ነገር አንድ ናቸው ብዬ አላታልላችሁም። ያኔ ፓስፖርት የለም፣ ራሽን ካርድ የለም፣ ካምፕ የለም። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ርስት ማጣት ነው። በእስራኤል ምድሪቱ በየነገዱ ተከፍላለች፤ መጻተኛው ግን ከየትኛውም ነገድ ስላልሆነ የሚቆረስለት መሬት የለውም። ርስት አልባነት ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ሙሴም ስለዚህ ነው መጻተኛውን ወላጅ ከሌለው ልጅና ከመበለቲቱ ጋር አንድ ላይ እያደረገ የሚጠራው። ሦስቱም በበሬ የሚያርሱት፣ በአባት ስም የሚጠሩት መሬት የላቸውም።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ። እውነት ነው፤ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ከዘረዘራቸው ስድስት የምሕረት ሥራዎች መካከል ማስተማር በስሙ አልተጠራም። ግን ኦሪት ዘዳግምን ምዕራፍ 31 ገልጣችሁ ከ10 እስከ 13 ያለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ሙሴ መቶ ሃያ ዓመቱ ነው። ዮርዳኖስን እንደማይሻገር ያውቃል። ሕጉን ጽፎ ለካህናቱና ለሽማግሌዎቹ ሲሰጥ አንድ ሥርዓት ያኖራል፤ በየሰባት ዓመቱ፣ ዕዳ በሚማርበት ዓመት፣ በዳስ በዓል፣ ሕጉ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ይነበብ ይላል። ከዚያ ማን ማን ይጠራ እንደሆነ ይቆጥራል። ወንዶች። ሴቶች። ሕፃናት። አራተኛው በደጅህ ውስጥ ያለው መጻተኛ ነው። ለምን ይጠሩ? ሰምተው እንዲማሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በብዙ ቦታ መጻተኛው የሚጠራው ሲራብ ነው፤ ከእርሻው ጥግ ይቃርም፣ ከወይኑ ቃርሚያ ይተውለት፣ የቀን ሠራተኛ ከሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደመወዙ ይሰጠው ተብሎ። እዚህ ግን የተጠራው ሊማር ነው። የተጠራውም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጉባኤ፣ ከባለ ርስቱ ልጅ ጋር ነው። ለመጻተኛው ሌላ ቀን አልተቀጠረለትም፤ ከሕጉም ለእርሱ የሚበቃው ይህን ያህል ነው ተብሎ ተቆርጦ አልተነበበለትም። ኢያሱም በጌባል ተራራ አጠገብ፣ ሙሴ ካዘዘው አንዲት ቃል ሳያስቀር በሴቶቹ፣ በሕፃናቱና በመካከላቸው በሚሄዱት መጻተኞች ፊት እንዳነበበ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 8 መጨረሻ ተጽፏል።

ሁለተኛ ነገር ልጨምር፤ ይህን እኔም ብዙ ዓመት አንብቤ ያላየሁት ነው። ለምን በዳስ በዓል? በዚያ ሳምንት ባለ ቤቱ ቤቱን ትቶ በቅጠልና በዝንጣፊ ዳስ ውስጥ ይሰነብታል። ምክንያቱ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 አለ፤ አባቶቹ ከግብፅ ሲወጡ ዳስ ውስጥ እንዳደሩ ትውልዱ እንዲያውቅ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ መጻተኛው ሊማር ሲመጣ ባለ ርስቱም ድንኳን ውስጥ ነው ያለው። ያን ሳምንት አገሩ በሙሉ ካምፕ ሆኗል። ሕጉ የሚነበበው ሁሉም መንገደኛ ሆኖ በተቀመጠበት ጊዜ ነው።

የሚነበበው ምንድን ነው? ራሱ ሕጉ። በውስጡም የመጻተኛው መብት አለ። ደመወዝህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሰጥህ የሚለውን ያልሰማ መጻተኛ፣ አሠሪው ሲነፍገው በምን አፉ ይከራከራል? ያበላኸው ሰው ነገም ደጅህ ላይ ይቆማል፤ ያስተማርከው ግን ሕጉን ጠቅሶ ይሞግትሃል። አንዳንዶቻችን ማብላቱን ወደን ማስተማሩን የምንፈራው ለዚህ ይሆን እንዴ?

ይህ ሥርዓት በእኛም ምድር ሥር የሰደደ መሆኑን አንድ ታሪክ ያሳየናል። ስለ እንግዳ ሲነሣ ሁሉም ሰው የነጃሺን ታሪክ ይጠቅሳል፤ ደግ ነው። እኔ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ልውሰዳችሁ። ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ልጆች አስከትሎ በቀይ ባሕር ሲጓዝ መርከባቸው ውኃና ስንቅ ፍለጋ ወደብ ያዘች። በዚያ ወራት በአካባቢው ሰዎችና በሮማውያን መካከል የነበረው ስምምነት ፈርሶ ነበርና መርከበኞቹ ሁሉ ተገደሉ። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ነገሩን ከልጆቹ ከአንዱ አፍ ሰምቶ እንደጻፈው፣ ሁለቱ ልጆች የተገኙት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ነው። ይህን ያዩት ሰዎች አዘኑላቸው፤ ወደ አክሱም ንጉሥም ወሰዷቸው።

ንጉሡ ታናሹን ኤዴስዮስን የመጠጥ አሳላፊው አደረገው። ታላቁን ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይ መሆኑን አይቶ መዝገቡንና ጽሕፈቱን በእጁ ሰጠው። ንጉሡ ሲሞት ልጁ ሕፃን ነበር፤ ንግሥቲቱም ልጄ እስኪያድግ መንግሥቱን አግዙኝ ብላ ለመነቻቸው። ኋላ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወርዶ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀበለ። ሐምሌ 26 የምናከብራቸው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እኚሁ ናቸው። ብርሃን ገላጭ ያልናቸው አባት ወደዚህ አገር የገቡት ወገኖቻቸው የተገደሉባቸው ስደተኛ ልጅ ሆነው ነው። አክሱም ምግብና መጠለያ ሰጥታ ብትተዋቸው ኖሮ ሁለት የጠገቡ አገልጋዮች ይኖሯት ነበር።

ቅርብ ዘመን ካላችሁም አርባ ልጆችን አስታውሱ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ያገኟቸው ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ናቸው፤ ከእልቂት የተረፉ። አዲስ አበባ መጥተው የማርሽ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ።

ደግሞስ እኔን ማን አስተማረኝና ነው? ቆሎ ተማሪ እኮ በሰው አገር እንግዳ ነው። ለምዴን ደርቤ፣ አኩፋዳዬን አንግቤ፣ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ሦስት ቀን በእግሬ ተጉዤ ቅኔ ቤት ስገባ፣ በዚያ መንደር ዘመድ የሚባል አልነበረኝም። "በእንተ ስማ ለማርያም" ብዬ ደጅ ስቆም ውሻው ይቀድማል፤ እናቲቱ ትከተላለች። አንዲት እናት ነበሩ፤ ቁራሹን ከመስጠታቸው በፊት ሁልጊዜ "የት ደረስህ?" ይሉኛል። ጉባኤ ቃና ላይ ነኝ ስል፣ ምን እንደሆነ ባያውቁትም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ብመልስላቸው "አሁንም እዚያው?" ብለው ቁራሹን አሳነሱብኝ። ለእሳቸው እንጀራውና ፊደሉ ሁለት ነገር አልነበሩም።

አሁን ክርክሩን እንለየው፤ በአደባባይ የምንሰማው አብዛኛው ጭቅጭቅ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ አድርጎ ስለሚያነሣ ነው የሚደባለቀው። አንደኛው ጥያቄ፣ ማን ይግባ፣ ስንት ይግባ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ለገባው ምን ይገባዋል የሚለው ነው። ሙሴ ስለ መጀመሪያው ቁጥር አልሰጠንም። ስለ ሁለተኛው ግን ቃሉ ግልጽ ነው፤ "በደጅህ ውስጥ ያለው" ይላል። እንዴት እንደገባ አይጠይቅም፤ በውስጥ መሆኑን ብቻ ነው የሚያየው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ሕዝብ ሲከራከርበት ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ኖርዝ ዳኮታ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ፕሬዚዳንት ትራምፕ፣ ስደተኛ የሚሠፍርበት ግዛትና ወረዳ አስቀድሞ በጽሑፍ ይፍቀድ የሚል ትእዛዝ አወጡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የቢስማርክ ከተማ የምትገኝበት የበርሌይ ካውንቲ ሕዝብ ትምህርት ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ተከራከረ። ልብ በሉ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ። ኮሚሽነሮቹ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ተቀበሉ፤ ያውም በዓመት ከ25 ሰው ሳይበልጥ። በወሩ የቴክሳስ ገዥ ግዛታቸው አዲስ ስደተኛ እንደማትቀበል አሳወቁ፤ ወዲያው ደግሞ የፌዴራል ዳኛ ትእዛዙን አገደው።

ሃያ አምስት ሰው! በእኛ አገር ለአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠራ ቁጥር ነው። ግን ለማሾፍ አልቸኩልም። መንግሥት የሚገባውን ሰው መቁጠሩ፣ ማንነቱን ማጣራቱ፣ አቅሙን ማየቱ በራሱ ኃጢአት ነው የሚል ትምህርት የለንም። ያ የአስተዳደር ጥበብ ነው፤ ጥበቡም ደግ ወይም ክፉ ልብ ይኖረዋል፤ ስለ እሱ ሰው በቅን ኅሊና ሊለያይ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ እንደዚያ አይደለም። በዚያችው ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ሕግ፣ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የገቡ ልጆችን ትምህርት ቤቶች አንቀበልም እንዲሉ ፈቀደ። ታይለር የምትባል ከተማ ከ1977 ጀምሮ ከእነዚህ ልጆች በነፍስ ወከፍ 1,000 ዶላር በዓመት መጠየቅ ጀመረች። ልጆቹ የሜክሲኮ ተወላጆች ነበሩ፤ በሕግ ቃል ስደተኛ አይባሉም። ጉዳዩ "ፕላይለርና ዶ" በሚል መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1982፣ 5 ለ 4 ተወሰነ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት አይከለከሉም ተባለ። ዳኛ ዊልያም ብሬናን የተደገፉት የሕገ መንግሥቱ ቃል የሚጠብቀው በግዛቲቱ ሥልጣን ሥር ያለን ማንኛውንም ሰው ነው። ዜጋ አይልም፤ በውስጥ ያለ ነው የሚለው። ይህን ሳነብ ሙሴን ያነበብኩ መሰለኝ። ዳኞቹ ኦሪት ዘዳግምን ገልጠው ፈረዱ ማለቴ አይደለም። ልጅ የወላጁን አገባብ አይሸከምም የሚለው ሚዛን ግን በሁለቱም ዘንድ ያው ነው። ዛሬ ያ ውሳኔ ይሻር የሚሉ ፖለቲከኞች እዚያው አገር ተነሥተዋል።

የእኛስ አገር? እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 በመጀመሪያው ንኡስ አንቀጽ፣ የስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከአገሬው ልጅ እኩል ይታይ ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1969 ስምምነቱን ስትቀበል ይህን ንኡስ አንቀጽ እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አላየውም ብላ ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የራሱን የስደተኞች ስምምነት ያጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ወጣ፤ የስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ከዜጋው ልጅ እኩል ይማራል አለ። ከዚያ በላይ ላለው ደረጃ ግን ባለው አቅም የሚል አጥር ቀርቶበታል። ሃምሳ ዓመት በኦሪት ኢዮቤልዩ ነው፤ ሕግ አውጪዎቹ ያንን አስበው ባይሆንም።

እንግዲህ እናታችን ሆይ፣ ወንበሩ ከየት ይምጣ? ይህን ጥያቄ "እምነት የጎደለው" ብሎ የሚያልፍ ሰባኪ ካጋጠመዎት አይስሙት። ሙሴ ራሱ ወንበሩን በደግነት ላይ አልጣለውም፤ በጀት መደበለት። በየሦስተኛው ዓመት የምርቱ አሥራት በከተማው ይከማችና ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ወላጅ የሌለውና መበለቲቱ ይብሉ ይላል። አሥራቱ የሚወጣው ከሁሉም ነው። ከድኻዋ አያት የልጅ ልጅ ወንበር ተነቅሎ ለመጻተኛው ይሰጥ የሚል ሕግ የለም።

ሸክሙ ዛሬ እንዴት እንደተከፋፈለ ተመልከቱ። ኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ይዛለች። በጋምቤላ ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ንጉኝየልና ጀዊ ካምፖች ከደቡብ ሱዳን የመጣው ሕዝብ ከክልሉ ነዋሪ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ነው። ቀብሪበያህ ካምፕ ከተከፈተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እዚያ ተወልዶ፣ እዚያ አግብቶ፣ እዚያ የወለደ ሰው አለ። በዓለም ካሉት ስደተኞች በዓመት ወደ ሦስተኛ አገር የሚወሰዱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። አብዛኛውን የሚይዘው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቱም ብዙ ጊዜ ድኻ ነው። በትምህርት ዕድሜ ካሉት የስደተኛ ልጆች ግማሽ ያህሉ ከትምህርት ቤት ውጭ ናቸው። ባለጠጎቹ በሩን ባጠበቡበት ዓመት ዕርዳታውንም ቀነሱት። አሥራቱን የሚከለክለው ባለ ጎተራው ሆኖ ሳለ የሰባው ልጅ ክፍል ለምን ጠበበ ብለን በሰባ አንደኛው ልጅ ላይ ብንፈርድ አቅጣጫ ስተናል።

ሌላ ያልተናገርነውም አለ። በትግራዩ ጦርነት ዓመታት መቀሌና ሽሬ ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት የተፈናቃይ ማደሪያ ሆነ? ለአንዱ ጣሪያ ሲሆን ለሌላው ክፍሉ ይዘጋል። እነዚህ የራሳችን ወገኖች ናቸው፤ ድንበር አልተሻገሩም። ስለዚህ የወንበር ጥያቄ ከውጭ የመጣ ሰው ያመጣብን አድርገን አናስበው።

ወደ ወንድማችን ልመለስ። ታናሽህ ካኩማ ውስጥ ስንት ዓመቱ ነው ብዬ ስጠይቀው "ዘጠኝ" አለኝ። ልጆች አሉት? ሁለት። ይማራሉ? "ትልቁ ጀምሮ ነበር። ፕሮሰሱ ሲፋጠን፣ ነገ ለምንሄድ ምን ያደርጋል ተብሎ ተወው።" ይህን በሽታ አውቀዋለሁ፤ በሁለት ወገን ነው የሚይዘው። ስደተኛው ነገ እሄዳለሁ ይላል፤ ተቀባዩ ነገ ይሄዳሉ ይላል። በሁለቱ ነገ መካከል ልጁ ዐሥራ አራት ዓመት ይሞላዋል። ነቢዩ ኤርምያስ ባቢሎን ላሉት ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ፣ በምዕራፍ 29፣ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ ብሏቸዋል። መመለሻችሁ ሰባ ዓመት ነው ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ያን ጊዜ ቶሎ ትመለሳላችሁ የሚሉ ሌሎች ነቢያት ነበሩ፤ ሕዝቡም እነሱን ይወድ ነበር።

በዚያችው ባቢሎን ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ የንጉሡ ትምህርት ቤት ገቡ። ሦስት ዓመት የከለዳውያንን ጽሑፍና ቋንቋ ተማሩ። ስለ እነሱ ስንሰብክ ሁልጊዜ የምናነሣው ጥራጥሬውን ነው፤ ከንጉሡ ማዕድ አለመብላታቸውን። መብሉን እንቢ አሉ፤ ትምህርቱን ግን እንቢ አላሉም። ሙሴም የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ ተምሮ እንዳደገ እስጢፋኖስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ይመሰክርለታል። ከፈርዖን ቤት የወጣው ይህን ይዞ ነው፤ ሕጉንም የጻፈው በዚያ በተማረ እጅ ነው።

በባቢሎን ትምህርት ቤት ግን አንድ የከፋ ነገር ነበር፤ ስማቸውን ቀየሩባቸው። ዳንኤልን ብልጣሶር አሉት፤ ሌሎቹንም እንዲሁ። አለቃው ይህን ያደረገው ምናልባት በክፋት አይሆንም፤ መዝገቡ ላይ ለመጻፍ እንዲቀለው ይሆናል። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ከወይራው ሥር ለሰፈሩ ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ። ዓምና አንድ የደቡብ ሱዳን ልጅ ከጎረቤቶቹ ልጆች ጋር መጣ። ስሙን ስጠይቀው በ"ጋት" የሚጀምር ረጅም ስም ነገረኝ። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት፤ አልያዝ አለኝ። በመዝገቡ "ጌትነት" ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ዝም አለ። ጌትነት ስለው ይነሣል፣ ጌትነት ስለው ይቆጥራል፤ ከሀ እስከ ፐ ለመድረስ ከሁሉም ቀደመ። ሦስት ወር እንዲህ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ እናቱ መጡ። ከበሩ ሆነው ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው ተጣሩ። እኔ ሴትዮዋ ሌላ ልጅ እየፈለጉ መስሎኝ "እዚህ በዚህ ስም የሚጠራ ልጅ የለም" አልኳቸው። አንዱ ተማሪ፣ "የኔታ፣ ጌትነትን ነው" አለኝ። ልጁ ፊደል ገበታውን ይዞ ተነሥቷል፤ ወደ እናቱም ወደ እኔም አይሄድም። እናቱ በሰባራ አማርኛ፣ ጋት ማለት በቋንቋቸው ልጅ ማለት እንደሆነ አስረዱኝ። ከስሙ ቆርጬ የጣልኩት እሱን ነበር።

መዝገቡን ከፈትኩና እስክሪብቶውን ለልጁ ሰጠሁት። ፊደሉን ጨርሷል፤ ራሱ ጻፈው።